ሁለት ሆኖ ማውራት ክልክል ነው

የካቲት 17፣ ሰኞ

ሁዳዴ ገባ። እኔም ከዛሬ ጀምሮ እንግዳ መሆኔ ቀረ። እስካሁን ባጠፋ "እንግዳ ናት" እየተባለ ይታለፍልኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን የማኅበሩ አለቃ እማሆይ ጠርተውኝ "ናፍቆት ጓለይ፣ ልጄ፣ ከእንግዲህ ተፈታኝ ነሽ" አሉኝ። ፈተና የሚባል ነገር ከአስራ ሁለተኛ ክፍል ጋር የተሰናበትኩት መስሎኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ (ስሟ ለተመድህን ነው) መቐለ አጠገብ ካለችው ከቁሓ ወጣ ብሎ ያለው ማኅበር ውስጥ የገባችው ወንድሜ በጦርነቱ ከሞተ በኋላ ነው። ማኅበርተኛው አብሮ ይጸልያል፣ አብሮ ያርሳል፣ ከአንድ ድስት ይበላል። "የኔ" የሚባል ነገር የለም፤ ሳሙና እንኳ የጋራ ነው። እኔ ኮምቦልቻ አባቴ ጋ ነበርኩ። ለገና ልጠይቃት መጥቼ እንደወጣሁ ቀረሁ። እናቴ ሽንኩርት ስትኮተኩት ከሴቶቹ ጋር እየተቀላለደች ስትስቅ አየኋት። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ አላየሁም ነበር። በቃ፣ እግሬ አልሄድ አለኝ።

ግን ሃያ ዓመት ያለፋት ልጅ በእናቷ ስም ተጠግታ አትኖርም። የሆሳዕና ዕለት ከልጃገረዶቹ አንዷ ተነስታ "ዋሷ እኔ ነኝ" ካላለችልኝ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ኮምቦልቻ ነው። ዋስ የሆነችውም ቢሆን ነገሩ ቀላል አይሆንላትም፤ ዓመቱን ሙሉ ከማኅበሩ መውጣት አትችልም፣ እኔ ያጠፋሁትን አብራኝ ትሰግዳለች።

እኔ ብቀርም ባልቀርም ግድ የለኝም። ለእናቴ ብዬ ነው።

ለማንኛውም ከልጃገረዶቹ ጓደኛዬ ዳናይት "ኣጆኺ፣ ኣይዞሽ፣ እኔ ኣለሁልሽ" ብላኛለች። ዳናይት ካለች አለች ነው።

የካቲት 21፣ ዓርብ

እዚህ ካለው ሕግ ሁሉ የሚያስቀኝ ይሄ ነው፤ ሁለት ልጃገረዶች ለብቻቸው ተቀምጠው ማውራት አይችሉም። ሦስተኛ መኖር አለበት። "ሰይጣን የሁለት ሰው ወሬ ይወዳል፤ ሦስተኛ ሲጨመር ያፍራል" ይላሉ እማሆይ።

እኔና ዳናይት ከሥራ በኋላ ግድግዳው ጥግ ፀሐይ ልንሞቅ በተቀመጥን ቁጥር ሰይጣንን ልታሳፍር የምትመጣው ራኬብ ናት። እንዝርቷን ይዛ፣ ጥጧን ታቅፋ፣ ዝም ብላ መጥታ ቁጭ። ራኬብ የልጃገረዶቹ ቤት ታላቅ ናት፤ ሠላሳን ሳታልፍ አትቀርም። በሩ ሥር ትተኛለች። ፊቷን ባየሁት ቁጥር ሁልጊዜ ስቅለት የዋለ ይመስለኛል።

"ተዪያት፣ ኣማርኛ ኣትሰማም" አለችኝ ዳናይት። እውነትም አንድም ቀን በአማርኛ መልሳልኝ አታውቅም። ብጠይቃት "ሕራይ"፣ ብቀልድባት "ሕራይ"። እሺ ማለቷ ነው። የኔ ትግርኛ ጨው ለመዋስ ያህል ብቻ ስለሆነ ከዳናይት ጋር በአማርኛ እንደ ልባችን እናወራለን። ዛሬ "ሰይጣን አሳፋሪዋ" የሚል ስም አወጣሁላትና ዳናይት በሳቅ ፈረሰች። ያን ጊዜ የራኬብ ፈትል ተበጠሰ። እግዜር እንኳ ለኔ ፈረደ።

የካቲት 28፣ ዓርብ

ችኮላ ላይ ነኝ፣ የሽንኩርት ችግኝ ይጠብቀኛል።

ተረከዜ ተሰነጣጥቆ መርገጥ አቃተኝ። ትናንት ለዳናይት ፀሐይ ላይ ሆነን አማረርኩ። ዛሬ ጠዋት ትራሴ ሥር ቫዝሊን አገኘሁ! ዳናይትን አቅፌ ሳመሰግናት "ምኑን?" አለችኝ። ትሕትናዋ ደግሞ! አንዳንድ ሰው ደግነቱን እንኳ አይናዘዝም።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ምነው ምላሴ ቢቆረጥ።

ዛሬ ሳሙናና ጨው እንድንገዛ ወደ ቁሓ ተላክን። እኔ፣ ዳናይት፣ ሦስተኛዋ እንደተለመደው። ሸረፈዲን ሱቅ ስንገባ ብስኩት አየሁ። ለልጃገረዶቹ ሁሉ የሚበቃ ልግዛና ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እናጣጥመው፣ እስቲ እነሱም ይወዱኝ ብዬ አሰብኩ። ሸረፈዲን የኛን ጾም ከኛ በላይ ያውቃል፤ "የጾሙን ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ዳናይት ደግሞ ከደጅ "በሊ ቶሎ፣ በሊ ቶሎ" ትለኛለች፤ በይ ቶሎ ማለቷ ነው። "ያው እጅህ የደረሰበትን ስጠኝ" አልኩት።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አከፋፈልኩ። ሁሉም መረቁኝ። "ጓል ኮምቦልቻ ለካ ደግ ናት" ያለችም አለች። እሰይ፣ በመጨረሻ ሰው ሆንኩ ብዬ ሳልጨርስ ራኬብ ባዶውን ላስቲክ አንስታ አገላበጠችው፣ ጀርባውን አተኩራ አየችና "ጸባ ኣለዎ" አለች። ወተት አለበት።

ማኘኩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ቆመ። አንዷ ልትተፋ ወደ ደጅ ሮጠች። አንዷ እያለቀሰች ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ከተተች። አንዷ ደግሞ "የወረደው ወረደ፣ የቀረውን ስጡኝ" አለች፤ ይቺን ልጅ ከዛሬ ጀምሮ አከብራታለሁ። ላስቲኩን ተቀብዬ ባይ ለካ ላም ተስሎበታል። ላሚቱን ለጌጥ ነበር የመሰለችኝ። ራኬብም ላሟን አይታ መሆን አለበት።

ከዚያ ምን አደረገች? ነጠላዋን አስተካክላ ቀጥ ብላ ወደ እማሆይ ቤት። ነጋሪት ቢሰጧት ትጎስም ነበር።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ንስሐዬ ስግደት ሆነ። ቤተ ጸሎቱ ውስጥ ወገቤ እስኪቆረጥ ሰገድኩ። ራኬብ መጥታ አጠገቤ ቆመችና እኔ ስወድቅ ትወድቃለች፣ እኔ ስነሳ ትነሳለች። ልትቆጥርብኝ ነው! አንዷን እንኳ እንዳላጎድል። አንድ ጊዜ ደክሞኝ ዝርግት ብዬ ስቀር እሷም እዚያው ተደፍታ ጠበቀችኝ። እንዲህ ዓይነት ዘበኛ ለመቐለ ባንኮች ቢቀጠር ሌባ ይጠፋ ነበር።

ከልጆቹ አንዷ ምሳ ላይ "ራኬብ ለእማሆይ 'ታላቋ እኔ ነኝ፣ ሳይበላ ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ' ብላቸዋለች" አለችኝ። ራሷን ለማሳመር ይሆናል። ዳናይት ግን አልሰገደችም፤ ራሷን አሟት ተኝታ ነበር። ምስኪን።

መጋቢት 14፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ስልክ የሚሰጠን ቀን ነው። አባቴ ጋ ደወልኩ።

"ናፍቄ፣ መቼ ነው የምትመጪው? ክፍልሽን ቀለም ቀባሁልሽ እኮ" አለኝ። አባቴ በለጠ እንዲህ ነው፤ ሲከፋው ቀለም ይቀባል። እናቴ ማኅበር የገባች ጊዜ ቤቱን ውጪውንም ውስጡንም ቀብቶታል።

"እዚያ ጸሎቱ አልበዛብሽም?" አለኝ።

"በጣም በዝቶብኛል" አልኩት። እውነቴን ነው፣ ሌሊት መነሳቱ፣ በዘጠኝ ሰዓት መብላቱ፣ የጋራ ሳሙናው። አስር ነገር ዘረዘርኩለት። ዘርዝሬ ስጨርስ "ታዲያ ድምፅሽ ምነው ደስ ያለው መሰለ?" አለኝ። ኔትወርኩ ነው አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ዳናይት ጥርሷን አሟት ማክሰኞ ክሊኒክ መሄድ እንዳለባት ነገረችኝ። እማሆይ ከጠየቁኝ ማታ ስታቃስት ሰምቻለሁ እንድልላት ለመነችኝ። አልሰማሁም፤ ግን ጓደኛ ለምን ይሠራል?

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

ጥርስ አይደለም። ኢንዱስትሪ ፓርክ ሄዳ ነው የመጣችው።

ፀሐይ መሞቂያችን ላይ ነገረችኝ። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ተፈትና አልፋለች። ሥልጠናው ከሆሳዕና ማግስት፣ ሰኞ ይጀምራል። አይኗ ያበራል። ራኬብ ፊት ለፊታችን እንዝርቷን ታሾራለች፣ እኛ በአማርኛ እናወራለን።

"ኣስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ጥጥ ብቻ ስፈትል ልኑር?" አለችኝ ዳናይት። "ኣነ እኮ ማኅበሩን ጠልቼ ኣይደለም። የራሴ ሳሙና እንዲኖረኝ እፈልጋለሁ። ሽታውን ራሴ የመረጥኩት። ኃጢኣት ነው?"

አይደለም አልኳት። ደስ ብሎኛል። በጣም ነው ደስ ያለኝ። ደስ ብሎኛል አልኩ እኮ።

ከዚያ ሁለታችንም ባንድ ጊዜ ትዝ አለን። ዋስ የሆነች ዓመቱን ሙሉ መውጣት አትችልም።

"ላንቺማ ቃል ገብቻለሁ" አለች ዳናይት ጥፍሯን እያየች። "ሥራውን እተወዋለሁ። ሌላ ጊዜ ይገኛል።"

"ይገኛል" አልኳት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። "ኧረ ሂጂ" ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ነበር እኮ። ራኬብ እንዝርቷን አቁማ ታየኝ ነበር፤ ሰው ሲጨነቅ ማየት ደስ ይላታል መሰለኝ።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

ዳናይት አልተቀመጠችም። ልብስ አጥባለሁ አለች። ትናንትም ታጥብ ነበር። ይሄ ማኅበር ይህን ያህል ልብስ አለው እንዴ?

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

እማሆይ እናቴን ጓሮ ሲጠይቋት ሰማሁ። "ለተመድህን፣ ልጅሽ ዋስ ኣላት ወይ?"

"ዳናይት ኣለችላት፣ እግዚኣብሔር ይመስገን" አለች እናቴ። ድምፅዋ ቀለል ያለ ነበር። ለሆሳዕና አዲስ ነጠላ እያዘጋጀችልኝ ነው፤ ጥለቱን ራሷ መረጠች። ከኔ ደብቃ አልጋዋ ሥር አስቀምጣዋለች። እንዳላየሁ ሆንኩ።

ለእናቴ ብዬ ነው የምቀረው እያልኩ እጽፋለሁ። ማታ ልጃገረዶቹ መብራት ከጠፋ በኋላ ሲንሾካሾኩ እሰማቸውና ሁሉንም በድምፃቸው መለየት ጀምሬያለሁ። ኮምቦልቻ ብሄድ የትኛዋ እንደምታስል ማን ይነግረኛል?

ሞኝነት ነው። ለእናቴ ብዬ ነው።

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

ዛሬ ዳናይት መጥታ ተቀመጠች። ራኬብም እንዝርቷን ይዛ መጣች።

ዳናይት ወዲያው ማልቀስ ጀመረች። "ለፋብሪካው ኣልመጣም ብዬ ልደውልላቸው ነው" አለችኝ። "ሌላ ሰው ብታገኚ ኖሮ…"

"ማንን ላግኝ? ልጆቹ ከብስኩቱ ወዲህ ውሃ ስሰጣቸው እንኳ አሽትተው ነው የሚጠጡት" አልኳት። ላስቃት ፈልጌ ነበር። ሳቀችም፣ አፍንጫዋ እየፈሰሰ። ሳቋን ሳይ ገፋሁበት። "ወይስ ይቺን ሰይጣን አሳፋሪ ልለምናት? እሷ ዋስ ከምትሆነኝ ሸረፈዲን ተጠምቆ ዋስ ቢሆነኝ ይቀላል። ደግሞስ ከሷ ጋር ዓመት ሙሉ! ቅቤ በፊቷ ቢያልፍ ይመርራል።"

ዳናይት በጣም ሳቀች። ራኬብ እንዝርቷን ጥጡ ላይ አስቀመጠች፣ ተነሳች፣ ቀሚሷን አራገፈችና ሄደች። እኔና ዳናይትን ለብቻችን ትታን። ሁለት ብቻ! እስከ ዛሬ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ምናልባት ሽንት ቤት ይሆናል። ግን አልተመለሰችም።

የሚገርመው ሁለት ሆነን ስንቀር የምናወራው ጠፋን።

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ

ራኬብ ዛሬም አልመጣችም። ሌላ ልጅ ሦስተኛ ሆና ተቀመጠችና ስለ ጥርሷ አወራችን። ሙሉውን ሰዓት።

እንዝርቱ ናፈቀኝ ልበል? አልልም።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

ወስኛለሁ።

ዳናይት ብትነሳልኝም አልቀበላትም። ሆሳዕና ላይ በሰው ሁሉ ፊት አልፈልግም እላለሁ። ቀድሜ ብነግራት "ኣይሆንም" ብላ ትከራከረኛለች፣ እኔም አንጀቴ አይጨክንም፣ ደግሞ እሺ እላለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ።

ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። ትንሽ ነው፤ እዚህ ምንም የኔ የሆነ ነገር የለም እኮ።

እናቴን እንዴት ብዬ።

ሚያዝያ 5፣ ሆሳዕና

ፀሐይ ሳለ ልጻፈው፣ ማታ አንድ ላይ ነን፣ አይመችም።

ከቅዳሴ መልስ ሁላችንም የዘንባባ ቀለበት ጣታችን ላይ አድርገን ልጃገረዶቹ ቤት ፊት ለፊት ክብ ሠራን። እኔ መሃል። እናቴ ከሴቶቹ ጋር ቆማለች፤ አዲሱን ነጠላ አልብሳኝ ሄዳ ደጋግማ ዞር እያለች ታየኛለች። እማሆይ መስቀላቸውን ይዘው "ለዚች ልጅ ዋስ የሚሆን ማነው?" አሉ በትግርኛ። ይሄን ያህል ይገባኛል።

ዝም።

ዳናይት መሬት መሬቱን ታያለች። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣች። ተስፋ ቆርጣ የምትመጣ እንጂ ወድዳ የምትመጣ አትመስልም ነበር፤ ግን መጣች። ፈጽሞ አልረሳላትም፣ መጣች።

"እሷን አልፈልግም" አልኩ።

ትግርኛዬ እንዳይሳሳት በአማርኛ ነው ያልኩት። ክቡ ሁሉ ተንጫጫ። ዳናይት በጥፊ የተመታች ያህል ወደ ኋላ ተመለሰች። እናቴን አላየኋትም፤ ማየት አልቻልኩም።

እማሆይ ወደ ክቡ ዞሩ። "ሌላ ማን ኣለ?" አሉ።

ማንም። የብስኩቷ ወዳጄ እንኳ ዘንባባዋን ትቆጥር ጀመር። አልፈርድባትም። ዓመት ሙሉ ከኔ ጋር መስገድ ማን ይፈልጋል? ልቤ ኮምቦልቻ ደርሶ የተቀባውን ክፍል ከፍቶ ገብቷል።

"ኣነ" አለ አንድ ድምፅ ከኋላዬ። እኔ።

ራኬብ። ሰው እየገፋች መጣች። ያው የስቅለት ፊቷ።

"ኣፏን ትችዪዋለሽ?" አሏት እማሆይ።

"ለምጄዋለሁ" አለች በትግርኛ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን አልገባኝም፤ አፌን የት ለመደችው?

እማሆይ የሁለታችንን ነጠላ ጫፍ አንስተው አንድ ላይ ቋጠሩት። እስከ ሠርክ ጸሎት አይፈታም፤ አብረን እንበላለን፣ አብረን እንሄዳለን። እናቴ መጣችና ሁለታችንንም አንድ ላይ ሳመችን። አለቀሰች፣ መሳቅም ፈለገች፣ ሁለቱም አብረው መጡባት። እኔም አለቀስኩ። በጣም ስለፈለግሁት ነው፤ እዚህ መቅረት ፈልጌ ነበር፣ ለእናቴ ብቻ አልነበረም።

ዳናይት ጠፍታ ነበር። ምሳ ልንቀመጥ ስንል አንዷ ልጅ እየሮጠች መጥታ "ዳናይት ከእማሆይ ተሰናብታ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች! ባጃጅ በር ላይ ቆሟል!" አለች።

ብድግ ብዬ ልሮጥ ስል ነጠላዬ ያዘኝ። ለካ ታስሬያለሁ። ራኬብን አየኋት። ግቢ ውስጥ መሮጥ ክልክል ነው ልትለኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን በአንድ እጇ ቀሚሷን ሰበሰበች።

"እንታይ ትጽበዪ? ጉየዪ!"

ምን ትጠብቂያለሽ፣ ሩጪ ማለቷ ነው። ሮጥን። ራኬብ ስትሮጥ አይቶ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። በረኛው ኣያ ገብረሃንስ መቁጠሪያው ከእጁ ወደቀ።

ዳናይት ባጃጁ ውስጥ አንድ እግሯን አስገብታለች። ስታየኝ ፊቷን አዞረች። "በሰው ፊት ኣልፈልጋትም ኣልሽኝ" አለች።

"ነገ ሥራ ትገቢያለሽ አይደል?" አልኳት፣ እያለከለክሁ።

ከዚያ ገባትና አፏን በእጇ ያዘች። ወርዳ አቀፈችኝ። ነጠላው ስላሰረን ራኬብም አብራ ታቀፈች፤ ሦስታችንም ተጨመቅን። ባጃጁ ሁለት ጊዜ ጡሩምባ ነፋ።

"ፀጉርሽን ጠቅልለሽ እሰሪው" አለች ራኬብ። "የልብስ ስፌት ማሽን ፀጉር ይይዛል። ደግሞ በመጀመሪያው ደሞዝሽ ሳሙናሽን ግዢ፤ ለሌላ ነገር ካዋልሽው ኣይሆንልሽም።"

በአማርኛ። ጥርት ባለ፣ ከኔ በሚበልጥ አማርኛ።

ዳናይትና እኔ ተያየን። ዳናይት ባጃጁ ውስጥ ገብታ እስኪርቅ ድረስ አፏን አልዘጋችም።

ስንመለስ ቀስ ብለን ሄድን። መናገር ያለብኝ እኔ ነበርኩ።

"አማርኛ ትሰሚያለሽ" አልኳት።

"እሰማለሁ።"

"ሁሉንም ሰምተሻል?"

"ሁሉንም። ያለፈው ቅዳሜው ግን ኣመመኝ" አለች።

ይቅርታ አልኳት። ትንሽ ቃል ሆነችብኝ፤ ደግሜ አልኩት። ለምን እንዳልነገረችን ስጠይቃት እንዝርቷን የሚፈልግ ይመስል እጇ ተንቀሳቀሰ።

"ልጅ ሆኜ ወስደው ኣዲስ ኣበባ ሰው ቤት ኣስገቡኝ። ኣማርኛ የሚናገረኝ ሁሉ 'አምጪ፣ አጥቢ፣ ውሰጂ' ነበር የሚለኝ። ሁለት ልጆች እንዲህ ተቀምጠው በኣማርኛ ሲሳሳቁ እናንተን ነው መጀመሪያ የሰማሁት። እንደምሰማ ብታውቁ ዝም ትላላችሁ ብዬ ፈራሁ።"

በሩጫው ቋጠሮው ላልቶ ነበር፤ ቆም አድርጌያት አጥብቄ ቋጠርኩት።